የበር አክሰስ ኮንትሮል ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ተነስቶ ጥፋቱን ማግኘት

በካርድ የሚከፈት በር ሲያስቸግር አብዛኛው ሰው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ሴቲንግ መነካካት ይጀምራል። እኔ የምመክረው ቴስተርና ካቻቪቴ ይዞ በሩ ጋ መሄድን ነው። ጥፋቱ በአብዛኛው ያለው ከፓወር ሰፕላዩ እስከ ማግኔቱ (ከረንት ሲያገኝ በሩን ስቦ የሚይዘው) ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ሴቲንግ ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰዓትና ቀን ነው። ሰው እንዳይቆለፍበት በሩን ከፍታችሁ ፈትሹ። በሩ ተዘጋም ተከፈተም ማግኔቱ የሚስበው ከረንት ያው ስለሆነ ልኬቱ አይዛባም።

ምልክት፦ ማግኔቱ ይይዛል፣ በትከሻ ገፋ ሲደረግ ግን ይለቃል

280 ኪሎ ይይዛል የተባለ ማግኔት በአንድ ሰው ትከሻ ከለቀቀ መጀመሪያ የሚታየው በሩ ላይ ያለው ብረት ነው። ይህ ብረት መሃሉ ላይ ባለው ብሎን ተይዞ ትንሽ መነቃነቅ አለበት፤ በሩ ሲዘጋ ራሱን አስተካክሎ ማግኔቱ ላይ ልጥፍ የሚለው በዚያ ነው። ከጀርባው የሚገባው የጎማ ሮንዴላም የተሠራው ለዚሁ ነው። ገጣሚው ጎማውን ትቶ ወይም ብሎኑን እስከ መጨረሻው አጥብቆ ከሆነ ብረቱ በአንድ ጠርዝ ብቻ ይነካል፤ የወረቀት ውፍረት የምታህል ክፍተት እንኳ ጉልበቱን ትበላዋለች። ብሎኑን አላሉት፣ ጎማውን በሁለት የብረት ሮንዴላዎች መሃል አስገቡ፣ ከዚያ ብረቱን በጣት ገፋ አድርጉት፤ መወዛወዝ አለበት። ፊቱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ በብርጭቆ ወረቀት ግን አትፈግፍጉት፣ ሽፋኑ ከተላጠ ይዝጋል።

ብረቱ ደህና ከሆነ ቮልቱን ለኩ፤ ማግኔቱ እየሠራ እያለ፣ ራሱ ማግኔቱ ላይ ሽቦ በሚገባበት ቦታ። ሰፕላዩ ጋ 12 ቮልት ሆኖ ማግኔቱ ጋ 10 ከሆነ ጥፋቱ የገመዱ ነው። ትርፍ የኔትወርክ ገመድ ከየቢሮው ስለማይጠፋ ብዙ ገጣሚ ማግኔቱን በእሱ ያገናኛል። የኔትወርክ ገመድ አንዷ ሽቦ በሜትር 0.09 ኦም ግድም አላት፤ 30 ሜትር ሄዶ 30 ሜትር ሲመለስ 5.4 ኦም ይሆናል። ግማሽ አምፔር ለሚስብ ማግኔት ይህ ከ2 ቮልት በላይ ኪሳራ ነው። በዚያው ርቀት ባለ 1 ስኩዌር ሚሊሜትር ገመድ የሚበላው ግማሽ ቮልት ግድም ብቻ ነው። ገመድ መቀየር ካልተቻለ ሰፕላዩን ወደ በሩ አቅርቡት።

ምልክት፦ ሪደሩ (ካርድ ማንበቢያው) አረንጓዴ ያበራል፣ በሩ አይከፈትም

ጆሯችሁን ወደ ኮንትሮለሩ (በሩን ወደሚያዘው ቦርድ) አስጠጉ። ካርዱ ሲነካ ሪሌይዋ (ቦርዱ ላይ ያለችው በኤሌክትሪክ የምትሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ቀጭ ካለች ትዕዛዙ ደርሷል፣ ስህተቱ ሽቦው የገባበት ቀዳዳ ነው። ማግኔት ከረንት ሲቋረጥ ስለሚለቅ ሽቦው በኮም (የጋራው ቀዳዳ) እና በኤን-ሲ (ሪሌይዋ ሳትሠራ ከኮም ጋር የተገናኘው) ያልፋል፤ ከረንት ሲያገኝ የሚከፍተው የኤሌክትሪክ ቁልፍ ደግሞ በኮም እና በኤን-ኦ (ሪሌይዋ ስትሠራ ብቻ የሚገናኘው)። ቀጭ ካላለች ሪደሩ ሶፍትዌሩ ላይ ለየትኛው በር እንደተመደበ እዩ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ኮንትሮለሩ ጠፍቶ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ማግኔቱ ላይ ዳዮድ (ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ) አልተደረገም፤ 1ኤን4007 ግዙና ቀለበት ያለበትን ጫፍ ወደ ፖዘቲቭ አድርጋችሁ እሰሩ።

ምልክት፦ ጠዋት ሁሉም ይገባል፣ ከቀኑ 5፡30 በኋላ ካርድ አይሠራም

ይህን ሲያዩ ካርድ ተበላሸ ብለው አዲስ የሚያስመዘግቡ አሉ። ካርዱ ምንም አልሆነም። የሥራ ሰዓት ከ2፡30 እስከ 11፡30 ተብሎ እንደ ግድግዳ ሰዓታችን ተሞልቷል፤ መሣሪያው ግን ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በ24 ሰዓት ይቆጥራል። ለእሱ 11፡30 ማለት የእኛ 5፡30 ረፋድ ነው፣ ስለዚህ ያን ጊዜ ይዘጋል። የበለጠ የሚያሳስበው ሌላው ጫፍ ነው፤ ለእሱ 2፡30 የእኛ ከሌሊቱ 8፡30 ስለሆነ ካርድ ያለው ሁሉ በዚያ ሰዓት ይገባል፣ ያን ደግሞ ማንም አያየውም። መሞላት ያለበት 08፡30 እና 17፡30 ነው፤ የሰዓት ክልሉም ጂኤምቲ+3።

ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ ነው። የካርድ ማብቂያ ዓመት 2018 ተብሎ በእኛ አቆጣጠር ከተጻፈ መሣሪያው ከብዙ ዓመት በፊት ያለፈ ቀን አድርጎ ይወስደዋል፣ ዛሬ የተመዘገበው ካርድ ዛሬውኑ እምቢ ይላል። ሁሉንም ቀን በፈረንጅ አስገቡ። ጳጉሜንም አትፈልጉት፤ ጳጉሜ 1 የገቡ ሠራተኞች ሪፖርቱ ላይ የሚወጡት በሴፕቴምበር 6 ነው። ሰዓቱ ተስተካክሎ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚዛባ ከሆነ ቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ቀይሩ፣ በብዙዎቹ ላይ ያለችው ባለ 3 ቮልቷ ሲአር 2032 ናት።

ምልክት፦ መብራት ሲሄድ በሩ ወዲያው ይለቃል

ወይ ባትሪው ሞቷል፣ ወይ ከመጀመሪያውም ቻርጅ አይደረግም። ተራ የካሜራ ሰፕላይ 12 ቮልት ብቻ ስለሚሰጥ ባለ 12 ቮልት ባትሪን አይሞላም፤ መብራት እያለ ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 13.8 ቮልት መነበብ አለበት። ያ ከተነበበ መብራቱን አጥፉና ማግኔቱን በባትሪ ብቻ ያዙት፤ በደቂቃዎች ውስጥ ከ11 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ይቀየር። አዲስ ባለ 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ማግኔቱና ኮንትሮለሩ በድምሩ 0.7 አምፔር ሲስቡ በስሌት 10 ሰዓት ይሰጣል፤ ለደንበኛ ግን ከዚያ አሳንሳችሁ ንገሩ፣ ባትሪ በየዓመቱ ይደክማል።

ምልክት፦ ኮንትሮለሩ ደርቆ ሲቀር ከውስጥ ያለው ሰው መውጣት አይችልም

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው፣ እሳት ቢነሳ ሰው ይሞትበታል። ጥፋቱ የመውጫው መጫኛ ወደ ኮንትሮለሩ ብቻ መገናኘቱ ነው፤ ኮንትሮለሩ ሲደርቅ መጫኛውም ትርጉም የለውም። በውስጥ በኩል አረንጓዴውን የአደጋ ጊዜ መክፈቻ ሳጥን ግጠሙ፣ የማግኔቱ ፖዘቲቭ ሽቦም በቀጥታ በእሱ ውስጥ ይለፍ፤ ሳጥኑ ሲጫን ከረንቱ ማንንም ሳይጠይቅ ይቋረጣል። ከዚያ ሞክሩት፦ የኮንትሮለሩን ፓወር ንቀሉ፣ የማግኔቱን ተዉት፣ በሩን ዝጉና ሳጥኑን ተጫኑ፤ ሌላ ሰው በውጭ በኩል ይቁም። በሩ ካልለቀቀ ለደንበኛው አታስረክቡ።