ወንፈልን እንደ ደቦ፣ እድርን እንደ ዕዳ፦ በመረዳዳት ውስጥ የሚሠሩ ስህተቶች

ጎረቤታሞች በመረዳዳት ምክንያት ሲቀያየሙ ብዙዎቻችን ነገሩን በአንዳቸው ስስት እናሳብባለን፤ እኔ ግን ብዙውን ጊዜ የማየው የአንዱን መረዳዳት ሒሳብ ለሌላው ማዋል ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ወንፈልንና ደቦን ማምታታት ነው። ወንፈል በቀን የሚቆጠር ብድር ነው፦ 4 ገበሬዎች ወንፈል ቢገቡ እያንዳንዱ በሌሎቹ ማሳ ላይ 3 ቀን ይውላል፤ በእሱ ተራ ደግሞ ሦስቱም ይውሉለታል። የታመመ ሰው ልጁን ወይም ወንድሙን ይልካል እንጂ ቀኑን አያስቀርም። ደቦ ግን የሚጠራ ነው፤ ጠሪው ጠላውን ጠምቆ፣ እንጀራውን አስጋግሮ ይጠብቃል፣ የወጣለት ሰው ሁሉ በተራው ቀን አይቆጥርበትም። ስለዚህ ቀን ለመመለስ ጉልበት የሌላቸው አዛውንትም ሆኑ ባሏ የሞተባት ሴት ደቦ መጥራት አያሳፍራቸውም። በወንፈል የዋሉለትን ቀን ሳይመልስ የሚቀር ሰው እንደሚታማ ሁሉ፣ ደቦ ወጥቶ «ቀኔን መልስልኝ» የሚልም ይታማል።

ሁለተኛው፣ እድርን በመዋጮ ብቻ መለካት ነው። ወርሃዊው መዋጮ ድንኳኑንና ድስቱን ይገዛል፤ ቀብር መውጣትንና ከሐዘንተኛው ጋር መቀመጥን ግን አይተካም። ብዙ እድሮች ቀሪውን የሚቀጡት ለዚህ ነው፤ ቅጣቱን እንደ መቅሪያ ዋጋ የሚቆጥሩ ግን አልጠፉም። ውጭ አገር ሆኖ የእናቱን እድር የሚከፍል ልጅ ቢመሰገንም፣ ለቅሶ የሚደርስለት ሰው ከቤቱ ካልወከለ ሥራውን በግማሽ ትቶታል።

ከሁሉ የከፋብኝ፣ እየሰጡ አለመቀበል ነው፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። ቤታችን ሐዘን የደረሰ ጊዜ እዝን ይዘው የመጡትን ጎረቤቶች «ምግብ ሞልቷል፣ አትድከሙ» ብዬ መለስኳቸው። እናቴ ስትሰማ ተቆጣችኝ፦ «የእነሱን ሽሮ ሳልበላ፣ ነገ እነሱ ሲያዝኑ በየት በኩል እገባለሁ?»

የመጨረሻው ችኮላ ነው። የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ሆኖም በዚያው ምሽት ከመጣው አብልጦ ሞልቶ መመለስ «ከእንግዲህ አንፈላለግም» እንደማለት ይሰማል። እናቴ እንዲህ ያለውን ሳህን አጥባ፣ ድፎ ዳቦ እስክትደፋ ድረስ፣ አንዳንዴ ሳምንት ያህል ከራሷ ሳህኖች ጋር ታኖረው ነበር።