ተቃራኒ ፈሊጦች ሲምታቱ፦ ለእንግሊዝኛ ተማሪ ችግርና መፍትሄ

የእንግሊዝኛ ፈሊጦችን ከነተቃራኒያቸው ማጥናት ብዙ ተማሪ የሚወደው ዘዴ ነው። «ኦቨር ዘ ሙን» በደስታ መስከር፣ «ዳውን ኢን ዘ ዳምፕስ» መከፋት። ደብተር ላይ ሲሰለፉ ያምራሉ። አንዱን ስትይዙ ሌላው በነፃ የመጣ ይመስላል። ጣጣው የሚጀምረው አፍ ሲከፈት ነው። ሰው ፊት ስትናገሩ ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉ። ወይም ተቃራኒ ናቸው ብላችሁ የያዛችኋቸው ጭራሽ የማይተዋወቁ ሆነው ይገኛሉ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ጥንድ ለመከለስ ግሩም ነው፤ ለመጀመሪያ ትውውቅ ግን አይሆንም። ከታች ካሉት ችግሮች ብዙዎቹ ሥራቸው እዚህ ላይ ነው። የእናንተን ምልክት ፈልጉና ከዚያ ጀምሩ። በቅደም ተከተል ማንበብ ግዴታ አይደለም።

ምልክት፦ ሁለቱንም ታውቃላችሁ፣ የትኛው የቱ እንደሆነ ግን ይጠፋችኋል

አንድ ድርጅት «ኢን ዘ ብላክ» ነው ሲባል ከሰረ ወይስ አተረፈ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይንተባተባል። ጥቁር እኛ ዘንድ የሐዘን ልብስ ነውና ግምታችን ወደ ኪሳራው ያደላል። መልሱ ግን ትርፍ ነው። ኪሳራው «ኢን ዘ ሬድ» ነው።

መንስኤው የጭንቅላታችሁ ድክመት አይደለም። ሁለቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ መስመር፣ በአንድ ዓይነት ቅርጽ ስለገቡ ነው። አእምሮ «ከነዚህ አንዱ ትርፍ፣ አንዱ ኪሳራ» የሚለውን ይይዛል፤ ማን ማን እንደሆነ ግን ይለቃል። ይህ በጥናትም የታየ ነገር ነው። ቶማስ ቲንክሃም እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው ጥናት፣ በትርጉም የሚዛመዱ አዳዲስ ቃላትን በአንድ ላይ ማጥናት ነገሩን እንደሚያከብደው አሳየ። ሮብ ዋሪንግ በ1997 ከጃፓናውያን ተማሪዎች ጋር ደግሞት ወደ ተመሳሳይ ውጤት ደረሰ። በቃላት ትምህርት ስሙ የሚጠራው የኒውዚላንዱ ፖል ኔሽንም ምክሩ ይኸው ነው፦ ተቃራኒዎችን በአንድ ጊዜ አታስተምሩ፤ በብዛት የሚነገረውን አስቀድሙ። ጥናቶቹ የተሠሩት በነጠላ ቃላት ላይ ነው። ፈሊጥ ደግሞ ከነጠላ ቃል ይረዝማል፤ ማምታቻውም የዚያኑ ያህል ነው።

መፍትሄው ጥንዱን ማፋታት ነው። ለሥራችሁ ወይም ለኑሯችሁ የሚቀርበውን አንዱን ብቻ ምረጡ። «ኢን ዘ ሬድ»ን እንበል። ሳምንት ሙሉ እሱን ብቻ ተጠቀሙበት። የባንክ ሂሳባችሁ፣ የጎረቤት ሱቅ፣ የእግር ኳስ ክለባችሁ፣ ማንም ይክሰር፣ በእሱ ተናገሩ። ማስታወሻም አለው። የሂሳብ ሠራተኞች በመዝገብ ላይ ኪሳራን በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር። ቀዩ ያለማመንታት ከአፋችሁ ሲወጣ ያን ጊዜ ጥቁሩን አምጡት። ጥንዱን ጎን ለጎን የምትጽፉት ሁለቱም ለየብቻ ከቆሙ በኋላ ነው።

ምልክት፦ በቃላቱ ተቃራኒ ናቸው፣ ሰሚው ግን ግራ ይጋባል

«ዳውን ቱ ኧርዝ» ማለት ትሑት፣ የማይመጻደቅ ሰው ነው። «አፕ ኢን ዚ ኤር» ደግሞ ገና ያልተወሰነ ጉዳይ ነው። አንዱ ወደ ምድር፣ አንዱ ወደ አየር ስለሆነ ተማሪው ያጋባቸዋል። ከዚያ ጉረኛውን ዘመዱን «ሂ ኢዝ አፕ ኢን ዚ ኤር» ይለዋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው የሚሰማው «የሰውየው ነገር ገና አልተወሰነም» የሚል ነው።

እንዲህ ያለው ወጥመድ ብዙ ነው። «ኢን ሆት ዋተር» መሆን ጣጣ ውስጥ መግባት ነው። «ኢን ኮልድ ዋተር» ግን ፈሊጥ አይደለም፤ በቀዝቃዛ ውሃ መነከር ብቻ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ በሌላ ፈሊጥ ይመጣል፤ በአንድ ሐሳብ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ሐሳቡን ማጣጣል ነው። «ኢን ዘ ዳርክ» ምንም ሳይነገረው የቀረ ሰው ነው። ብርሃን ውስጥ ያለ ሰው ግን የለም። «ኢን ላይት ኦፍ» የሚባለው «ይህን ከግምት አስገብተን» ለማለት ነው።

ይባስ ብሎ ደግሞ ተቃራኒ መስለው አንድ የሆኑ አሉ። «ፋት ቻንስ» ወፍራም ዕድል፣ «ስሊም ቻንስ» ቀጭን ዕድል። ሁለቱም ነገሩ የመሆን ተስፋው የመነመነ ነው ይላሉ። ወፍራሙ ሽሙጥ ስላለበት እንዲያውም ይከፋል፤ የእኛ «ወይ ፍንክች!» ዓይነት ነው። «አይ ኩድንት ኬር ሌስ» ማለት «ደንታዬም አይደል» ነው። አሜሪካውያን አሉታውን ጥለው «አይ ኩድ ኬር ሌስ» ሲሉም ያው ነው። ሎጂክ ፈልጋችሁ አትድከሙ።

መንስኤው ግልጽ ነው፦ ያጣመራችሁት ቃሉን እንጂ ትርጉሙን አይደለም። በራሳችን ቋንቋ ይህን ስህተት አንሠራም። የ«ዓይን አውጣ» ተቃራኒ «ዓይን አስገባ» ነው የሚል አበሻ የለም፤ «ዓይን አፋር» ነው። ፈሊጥ ሙሉውን አንድ ቃል ነው፤ በውስጡ ያለው ውሃም ሆነ አየር ለብቻው ተቃራኒ አይወጣለትም።

ስለዚህ ከአማርኛው ሁኔታ ተነሱ። ደብተሩ ላይ በመጀመሪያ «ጉዳዩ አልተወሰነም» ብላችሁ ጻፉ፤ ቀጥላችሁ «ጉዳዩ ተወስኗል፣ አይነቃነቅም»። ከዚያ ለእያንዳንዱ ፈሊጥ ፈልጉለት። ለመጀመሪያው «አፕ ኢን ዚ ኤር»፣ ለሁለተኛው «ሴት ኢን ስቶን»። አሁን ጥንድ ሆኑ። በዚሁ መንገድ «ኢን ሆት ዋተር»ን የሚገጥመው «ኦፍ ዘ ሁክ» ነው፤ ከጣጣው ወጣ። «ኢን ዘ ዳርክ»ን የሚገጥመው «ኢን ዘ ሉፕ»፤ ነገሩ ይነገረዋል። አማርኛ ራሱ ጥንድ አዘጋጅቶ የሚጠብቃችሁ ጊዜም አለ። «ሆድ ለሆድ ተግባቡ» እና «ሆድና ጀርባ ሆኑ» በጉልህ ተቃራኒ ናቸው። ለመጀመሪያው «ሲ አይ ቱ አይ»፣ ለሁለተኛው «አት ሎገርሄድስ» ልክክ ይላሉ። እነሱ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፣ እኛ ሆድ ለሆድ እንገናኛለን።

ምልክት፦ አንዱን አሉታ ስታደርጉት ሌላኛው ሆኖ ይሰማችኋል

ጓደኛችሁ ስለ አዲሱ ቤት ኪራይ «ኢት ዳዝንት ኮስት አን አርም ኤንድ ኤ ሌግ» አለች። እናንተ «ርካሽ ቤት አገኘች» ብላችሁ ወሬውን አዳረሳችሁ። እሷ ግን ያለችው «ያን ያህል አንገት የሚያስደፋ አይደለም» ብቻ ነው። ርካሽ ቢሆን ኖሮ «ደርት ቺፕ» ትል ነበር። በሁለቱ መካከል መደበኛው ዋጋ ሁሉ አለ።

ጥንዶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዓይነት መካከል የለውም፣ ወይም መካከሉ ጠባብ ነው። ድርጅት ከኪሳራ ከወጣ ወይ አትርፏል፣ ወይ «ብሬክ ኢቨን» ላይ ነው፤ ባዶ ለባዶ። ሌላው ዓይነት ሰፊ ሜዳ አለው። ዋጋ፣ ደስታና ጤና እዚህ ይመደባሉ። «አንደር ዘ ዌዘር» ያልሆነ ሰው የግድ «ፊት አዝ ኤ ፊድል» አይደለም። አንዱ ትንሽ ያመመው ነው፤ ሌላው ጤንነቱ የሚያስቀና። እንግሊዞች ደግሞ ነገር ማለዘብ ስለሚወዱ «አይም ኖት ኤግዛክትሊ ኦቨር ዘ ሙን» ሲሉ «አልተደሰትኩም» ማለታቸው ነው። በቀጥታ አይሉትም።

መፍትሄው በጥንዱ መካከል አንድ መስመር ባዶ መተው ነው። መካከሉን በተራ ቃል ሙሉት፤ «ፌርሊ ፕራይስድ»፣ «ኦኬ» ይበቃል። የሚሞላ ነገር ካጣችሁ ጥንዱ የመጀመሪያው ዓይነት ነው።

ምልክት፦ ትርጉሙ ልክ ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን ይሰበራል

«ኢት ኮስት ሚ አን አርም ኤንድ ኤ ሌግ» ትክክል ነው። ተማሪው ይህንኑ ቅርጽ ይዞ «ኢት ኮስት ሚ ደርት ቺፕ» ይላል። ተሰበረ። «ኢት ዋዝ ደርት ቺፕ» መባል ነበረበት። ምክንያቱም የመጀመሪያው ከግሥ ጋር የሚሄድ ስም ነው፤ ሁለተኛው ቅጽል ነው። ትርጉም ስለተቃረነ ሰዋስው አብሮ አይሄድም።

ለጀማሪ የምመክረው በአንድ ቅርጽ የሚገጥሙ ጥንዶችን ማስቀደም ነው። «ዜይ ኬፕት ሚ ኢን ዘ ዳርክ» እና «ዜይ ኬፕት ሚ ኢን ዘ ሉፕ» አንድ ቃል ብቻ ነው የሚቀያየረው። ሰውን ማክበር «ሉክ አፕ ቱ»፣ መናቅ «ሉክ ዳውን ኦን»። መስተዋድዱ ግን መለየቱን ልብ በሉ። የቀሩትን በሙሉ ዓረፍተ ነገር እንጂ ነጥላችሁ አትጻፉ። ቁጥራቸውንም አትነካኩ፤ «ስፒል ዘ ቢንስ» ምስጢር ማውጣት ነው፣ በአንድ ባቄላ ግን ምስጢር አይወጣም።

ከባለቤቱ ጋር ካልተያዘ ትርጉሙ የሚገለበጥም አለ። «ዚ አላርም ዌንት ኦፍ» ማለት ደወሉ ጮኸ ነው። «ዘ ላይትስ ዌንት ኦፍ» ግን መብራቱ ጠፋ ነው። እዚህ ላይ የሚያዋጣው ሁለቱን ሙሉ ዓረፍተ ነገር በቃል መያዝ ብቻ ነው።

ምልክት፦ አማርኛው ወደ ሌላ ትርጉም ይጎትታችኋል

«ካን ዩ ጊቭ ሚ ኤ ሃንድ?» የሚለው «እስቲ አንዴ አግዘኝ» ነው። የእኛ እጅ መስጠት ግን መማረክ ነው። «ቢግ ሃርት» ያለው ሰው ደግና ለጋስ ነው፤ እኛ ዘንድ ልቡ ያበጠ ሰው ትዕቢተኛ ነው። የአካል ክፍል ያለበት ፈሊጥ ሁሉ እንዲህ ሊያታልል ይችላል፤ ሁለቱም ቋንቋዎች በእጅ፣ በልብና በዓይን ብዙ ፈሊጥ ሠርተዋልና። ለእነዚህ የተለየ ገጽ ክፈቱ። እንግሊዝኛውን፣ ትርጉሙን፣ ከጎኑ ደግሞ የሚያሳስታችሁን አማርኛ ጻፉ። አሳሳቹ በስሙ ከተጻፈ ኃይሉ ይቀንሳል።

ምልክት፦ ትክክል ተናግራችሁ ሰው ይደነግጣል

«አላይቭ ኤንድ ኪኪንግ» በሕይወት ያለ፣ ደህና የሆነ ማለት ነው። «ኪክ ዘ ባኬት» መሞት ነው። ሁለቱም ውስጥ እርግጫ ስላለ ለተማሪ ጥሩ ጥንድ ይመስላሉ። ነገር ግን ሁለተኛው ቀልድ አለበት፤ የእኛ «ክልትው አለ» ዓይነት። አባቷ ለሞቱባት የሥራ ባልደረባ የማጽናኛ መልእክት ላይ ይህን መጻፍ ምን ያህል እንደሚያሳፍር አስቡት። ለእዚያ «ፓስት አዌይ» አለ፤ «አረፉ» እንደማለት ነው።

መንስኤው ጥንዱ ትርጉምን እንጂ የአነጋገር ደረጃን ስለማያሳይ ነው። የኦክስፎርድና የካምብሪጅ የተማሪ መዝገበ ቃላት በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ። ከፈሊጡ አጠገብ መደበኛ ያልሆነ፣ ያረጀ፣ የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ ብለው ምልክት ያደርጋሉ። ምልክቱን ወደ ደብተራችሁ ገልብጡ። በዚያው «ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ»ን ተዉት። ትምህርት ቤት ሁላችንም ተምረነዋል፤ ዛሬ ግን ዝናብ ሲወርድ ሰው የሚለው «ኢትስ ፖሪንግ» ነው።

ምልክት፦ ለአሜሪካዊው የሠራው ለእንግሊዛዊው ተገለበጠ

ይህ የተማሪው ጥፋት አይደለም። ቋንቋው ራሱ ሁለት ቦታ ተከፍሏል። ስብሰባ ላይ አንድን ጉዳይ «ቴብል» ማድረግ በእንግሊዝ አገር ለውይይት ማቅረብ ነው። በአሜሪካ ደግሞ ለሌላ ጊዜ ማቆየት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሁለቱ አገሮች የጦር ሹማምንት በዚህች ቃል ረጅምና የከረረ ክርክር እንደገጠሙ ዊንስተን ቸርችል ጽፏል። እንግሊዞቹ ጽሑፋቸው በአስቸኳይ እንዲታይ ፈልገው «ቴብል» እናድርገው አሉ። አሜሪካውያኑም ጉዳዩ አስቸኳይ ስለሆነ «ቴብል» መደረግ የለበትም አሉ። ለካ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር።

መድረክም ላይ እንዲሁ ነው። አንድ ቀልደኛ «ሂ ቦምብድ» ከተባለ አልተሳካለትም። እንግሊዛዊ «ኢት ዌንት ዳውን ኤ ቦምብ» ካለ ግን ሕዝቡ ወዶታል።

እነዚህን ብትሰሙ እንድትረዱ እወቋቸው፤ ራሳችሁ ግን አትናገሯቸው። በተለይ ዋሽንግተንና ለንደን ያሉ ሰዎች በአንድ የስልክ ስብሰባ ሲገናኙ «ሌትስ ዲስከስ ኢት ናው» ወይም «ሌትስ ፖስትፖን ኢት» በሉ። ሌላው ሰው «ቴብል» ካለ ደግሞ «ዱ ዩ ሚን ናው ኦር ሌተር?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከስብሰባው በኋላ ቃለ ጉባኤ የምትይዙት እናንተ ከሆናችሁም ቃሉን እንዳለ አትገልብጡት፤ የተወሰነውን ቀን ጻፉ።