ከደሴ ኮምቦልቻ የአየር ግፊትን በስልክ ሲለኩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት ተጠማዝዞ የሚወርድ መንገደኛ በአጭር ጉዞ 650 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል፤ በዙሪያው ያለው የአየር ግፊትም ወደ 60 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ) ይጨምራል። ይህን የመሰለ ተፈጥሯዊ ላቦራቶሪ ደጃፉ ላይ ያለው ከተማ ብዙ አይደለም። ተማሪውም ሾፌሩም ነጋዴውም በኪሱ ባለው ስልክ ለክቶ ለሳይንስ የሚረባ መረጃ ማዋጣት ይችላል። በሕዝብ የሚሰበሰብ መረጃን ከንቱ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ የመሣሪያው ርካሽነት ሳይሆን ቁጥሩ የት፣ መቼና እንዴት እንደተለካ አለመጻፉ ነው።

ስልኩ ባሮሜትር (የአየር ግፊት የሚለካ ሴንሰር) እንዳለው ሳያረጋግጡ መጀመር። ባሮሜትር የሌላቸው ስልኮች ብዙ ናቸው። አንዳንድ አፖች ደግሞ ቁጥሩን ከኢንተርኔት አምጥተው የተለካ ያስመስሉታል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ዳታና ዋይፋይ ያጥፉ፤ ስልኩን ወለል ላይ አንድ ደቂቃ ያስቀምጡና ንባቡን ይያዙ፤ ከዚያ 2 ሜትር ያህል ከፍ ያድርጉት። ደሴ ላይ ንባቡ ወደ 0.18 ሄክቶፓስካል መቀነስ አለበት። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ሴንሰር የለም ማለት ነው። ለዚህ ሥራ በጀርመን አኸን ከተማ በሚገኘው የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ፋይፎክስ (phyphox) የተባለ አፕ ይመቻል፤ ነጻ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ መረጃውንም በሠንጠረዥ ያወጣል።

የአየር ጠባይ አፕ የሚያሳየውን ቁጥር መላክ። የአየር ትንበያው ለደሴ 1,018 ሲል ስልክዎ 755 ቢያሳይ ስልኩ አልተበላሸም። ትንበያው ከተሞችን ለማነጻጸር እንዲመች ግፊቱን ደሴ ባሕር ወለል ላይ ብትሆን ኖሮ ወደሚሆነው አስልቶ ነው የሚያቀርበው። እኛ የምንፈልገው በቦታው ያለውን ጥሬ ግፊት ነው፤ ደሴ ላይ ከ750 እስከ 760፣ ኮምቦልቻ ላይ 815 አካባቢ።

ሁሉም ስልክ እኩል ያነባል ብሎ ማመን። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ስልኮች በ1 ወይም በ2 ሄክቶፓስካል ሊለያዩ ይችላሉ። በደሴ ከፍታ 1 ሄክቶፓስካል 11 ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ የ1.5 ልዩነት ብቻ የአምስት ፎቅ ሕንፃ ያህል ስህተት ያመጣል። ከመለያየትዎ በፊት ስልኮቹን ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ 10 ደቂቃ አስቀምጠው የየራሳቸውን ልዩነት ይመዝግቡ። ማታ ስትገናኙም ይድገሙት።

ሰዓቱን መናቅ። ከሁሉ የከፋው ይኼ ነው። እኛ በምንኖርበት የሐሩር ክልል የአየር ግፊት ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን እንኳ በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ፣ ሁለት ጊዜ ዝቅ ይላል፤ ምክንያቱ ፀሐይ ከባቢ አየሩን በየዕለቱ ማሞቋ ነው። ከፍ የሚለው ጠዋት 4 ሰዓትና ማታ 4 ሰዓት ገደማ፣ ዝቅ የሚለው ከቀኑ 10 ሰዓትና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ልዩነቱ 3 ሄክቶፓስካል ቢሆን በከፍታ ሲሰላ ከ30 ሜትር በላይ ነው። ጠዋት ደሴ ፒያሳ ለክቶ ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ የሚለካ ሰው የከፍታውንና የሰዓቱን ለውጥ ቀላቅሎ ይመዘግባል።

መፍትሔው ከ370 ዓመታት በላይ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1648 የፈረንሳዊው ሳይንቲስት ብሌዝ ፓስካል እህት ባል ፍሎሪን ፔሪዬ የአየር ግፊት የሚለካበት የሜርኩሪ ቱቦ ይዞ ፈረንሳይ ውስጥ የሚገኘውን ፒዩይ ደ ዶም ተራራ ሲወጣ፣ ሁለተኛውን ቱቦ ከታች ገዳም ውስጥ ትቶ አንድ መነኩሴ ቀኑን ሙሉ እንዲጠብቁት አደረገ። እርስዎም አንድ ስልክ ደሴ ላይ ከቦታው ሳይነሳ በየ10 ደቂቃው እንዲመዘግብ ያድርጉ፤ በመንገድ ላይ የተወሰደው ንባብ ሁሉ በተመሳሳይ ደቂቃ ከእሱ ንባብ ጋር ይነጻጸራል።

አጻጻፉም አለ። አንዱ «4:00» ብሎ ጠዋትን ሲያመለክት፣ የስልኩ ፋይል ያንኑ ደቂቃ 10:00 ይለዋል። የስድስት ሰዓቱ ልዩነት እዚህ ላይ ክፉ ነው፤ በግፊቱ ከፍታና ዝቅታ መካከል ያለው ጊዜም ስድስት ሰዓት ስለሆነ፣ የጠዋቱ 4 ሰዓት በስልኩ አቆጣጠር እንደ 04:00 (ከሌሊቱ 10 ሰዓት) ሲነበብ ከፍተኛው ግፊት ዝቅተኛው በሚጠበቅበት ቦታ ይገባል። ሁሉም ተሳታፊ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይጻፍ። ቀኑ ላይም ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ይታከል።

መኪና ውስጥ እየሄዱ ማንበብ። መስኮት ሲከፈት፣ ከባድ መኪና ሲያልፍ ንባቡ ይዘላል። ወርደው፣ ስልኩን ጥላ ውስጥ አድርገው የ2 ደቂቃ አማካይ ይውሰዱ። ፀሐይ የመታው ወይም ቻርጅ ላይ ያለ ስልክ ይሞቃል፤ የሞቀ ሴንሰር ደግሞ ንባቡ ይዛባል።

በፈላ ውሃ ሲያመሳክሩ ቴርሞሜትሩን ድስቱን ማስነካት። ባሮሜትር ለሌለው ይህ ጥሩ አማራጭ ነው፤ ንጹህ ውሃ ደሴ ላይ ወደ 92፣ ኮምቦልቻ ላይ ወደ 94 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይፈላል። የድስቱ ወለል ከውሃው ይበልጥ ስለሚሞቅ የቴርሞሜትሩ ጫፍ ከወለሉ ከፍ ብሎ ውሃው መሃል ይሁን። ጨው አይጨመርበት።

ቁጥሩን «ማስተካከል»። 756.34ን 756 ብሎ መጻፍ ወደ 4 ሜትር የሚጠጋ መረጃ መጣል ነው። እንግዳ የሚመስል ንባብም አይሰረዝም፤ አጠገቡ «ነፋስ ነበር» ወይም «ስልኩ ወድቆ ነበር» ተብሎ ይጻፍበታል። መጣል አለመጣሉን መረጃውን የሚተነትነው ሰው ይወስን።

የመኖሪያ ቤትን አድራሻ አብሮ መላክ። ፋይሉ የጂፒኤስ ነጥብ ከያዘ ቤትዎ ይታወቃል። ቤትዎ ሳይሆን መንገድ ዳር ወይም ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ይለኩ። ተሳታፊዎቹ ልጆች ከሆኑ ስማቸው በኮድ ይተካ፤ የወላጆቻቸው ፈቃድም አስቀድሞ ይጠየቅ።