ሼር ያለን ሰዎች የዓመቱን ሒሳብ ስንሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ኅዳርና ታኅሣሥ የጉባኤ ወራት ናቸው። ባንኮችና ኢንሹራንሶች ሰኔ 30 የዘጉትን ሒሳብ አስመርምረው ባለአክሲዮኖችን የሚሰበስቡት በእነዚህ ወራት ነው። እኔም የሁለት ባንክና የአንድ ኢንሹራንስ ሼር፣ ማለትም አክሲዮን፣ አለኝ። ጥቂት የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮንም ገዝቻለሁ። ብዙ አይደለም፤ ግን ከደመወዝ ተቆጥቦ፣ ዕቁብ ተጠብቆ የመጣ ገንዘብ ስለሆነ ለእኔ ትልቅ ነው።

ጉባኤዎቹ ካለፉ በኋላ አንድ ቅዳሜ እመርጣለሁ። ደረሰኞቼን አወጣና ሁሉንም ደብተር ላይ አሰፍራለሁ። ይህን ልማድ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ሒሳብ ግን ስህተት ነበር። መደመርና መቀነስ አቅቶኝ አይደለም፤ ምን ከምን ጋር እንደሚወዳደር ስላላወቅኩ ነው። እንደ እኔ ባለሙያ ያልሆኑ ብዙ ሰዎች እዚያው ላይ ሲወድቁ ስለማይ ስህተቶቹን አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

1. ከኪስ የገባውን ገንዘብ እንደ ትርፍ መቁጠር

«አምና 200 ሺህ ነበረኝ፣ ዘንድሮ 290 ሺህ ደርሻለሁ» ይላል አንዱ። 45 በመቶ አደገ ማለት ነው? አይደለም። በዓመቱ መሀል ዕቁብ ደርሶት 60 ሺህ ብር ጨምሮበታል። እሱ የራሱ ብር ነው፤ ሥራ ሠርቶ ያመጣው ነው። ገንዘቡ ራሱ የወለደው 30 ሺህ ብቻ ነው።

60 ሺው የሠራው ለግማሽ ዓመት ስለሆነ ግማሹን፣ ማለትም 30 ሺህ፣ በመነሻው ላይ ደምሩት። 30 ሺህን ለ230 ሺህ ስናካፍል 13 በመቶ ገደማ ይመጣል። 45 የመሰለን 13 ሆነ። ባንክ ቤት የሚሠራ ሰው ከዚህ የረቀቀ ስሌት ያውቅ ይሆናል፤ ለእኛ ግን ይህ ይበቃል። ዋናው የገባውን ገንዘብ ከነቀኑ መዝግቦ ማስቀመጥ ነው።

2. በጉባኤ ላይ የተነገረውን በመቶኛ የራስ ትርፍ አድርጎ መውሰድ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ሰብሳቢው መድረክ ላይ ወጥተው «የአንድ አክሲዮን ትርፍ 30 በመቶ ሆኗል» ይላሉ። አዳራሹ ያጨበጭባል። የአክሲዮኑ የመነሻ ዋጋ 1,000 ብር ከሆነ 300 ብር ማለት ነው። ግን 300 ብሩ በሙሉ እጃችሁ አይገባም። ባንክ ሕጋዊ መጠባበቂያው (በሕግ ተገድዶ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ገንዘብ) ከካፒታሉ ጋር እስኪስተካከል ድረስ ከተጣራ ትርፉ 25 በመቶውን እንዲያስቀምጥ ይገደዳል። 225 ብር ቀረ። ከዚህ ላይ የትርፍ ድርሻ ግብር ይነሳል። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ በ10 በመቶ ብናሰላው 202 ብር ከ50 ሳንቲም ይተርፋል። ጉባኤው ከዚያም ላይ ለካፒታል ማሳደጊያ ይያዝ ካለ ደግሞ ይቀንሳል።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል፦ እናንተ ያንን ሼር በስንት ገዛችሁት? ከሌላ ሰው በ1,500 ብር ገዝታችሁት ከሆነ 202.50ን የምታካፍሉት ለ1,500 እንጂ ለ1,000 አይደለም። 13.5 በመቶ። መድረክ ላይ 30 የነበረው እናንተ ቤት ሲደርስ ከግማሽ በታች ሆነ። የዋሸ ሰው የለም። ሰብሳቢው የተናገሩት የባንኩን ቁጥር ነው፤ የእናንተን ቁጥር ማውጣት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

ሌላም አለ። ትርፍ ድርሻ የሚታሰበው ብሩ ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ ነው። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የከፈለ ሰው የግማሽ ዓመት ድርሻ ነው የሚያገኘው። በየዓመቱ «ጎደለብኝ» ብሎ ሼር ክፍል ድረስ ሄዶ የሚጨቃጨቅ ሰው አያለሁ፤ አብዛኛው ይህን ሳያውቅ ነው።

«ትርፋችን በ40 በመቶ አደገ» የሚለውንም በጥንቃቄ ስሙት። ትርፉ በ40 በመቶ ሲያድግ የአክሲዮኖቹ ቁጥር በ70 በመቶ ከጨመረ የእያንዳንዱ ሼር ድርሻ በ18 በመቶ ገደማ ወርዷል። እንጀራው ሰፋ፣ ማዕድ የቀረበው ሰው ግን ከዚያ በላይ በዛ። ስለዚህ በዓመታዊ ሪፖርቱ ውስጥ ከጠቅላላ ትርፉ ይልቅ የአንድ አክሲዮን ትርፍ ከአምናው ጋር ሲተያይ ምን እንደሆነ ፈልጉ። የተበላሸ ብድር፣ ማለትም በወቅቱ ያልተመለሰ ብድር፣ መጠኑንም እዚያው ታገኙታላችሁ። ሪፖርቱን ለፎቶው ብቻ አገላብጣችሁ አትተዉት።

3. የኑሮ ውድነቱን ከሒሳቡ ማስቀረት

13.5 በመቶ መጥፎ አይመስልም። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ስላደረገው ከዚያ ጋር ሲተያይ እንዲያውም ጥሩ ነው። ግን በሰኔ 2016 ዓ.ም. የአገሪቱ የዋጋ ንረት 19.9 በመቶ ነበር። ያውም ቀንሶ ነው፤ በ2014 ከ30 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር። በእንደዚህ ያለ ዓመት 13.5 በመቶ ያገኘ ሰው ብሩ በዝቷል፣ የሚገዛው ጤፍ ግን ቀንሷል።

በደብተሬ ላይ አሁን ሁለት መስመር አለኝ። አንዱ በብር ያገኘሁት ነው፣ ሌላው የዓመቱ የዋጋ ንረት። ሁለተኛው ከበለጠ ዓመቱን «አተረፍኩ» ብዬ አልጽፈውም።

ውጭ አገር ላሉ ወገኖቻችን መለኪያው ሌላ ነው። ዋሽንግተን የሚኖር ሰው ዶላር መንዝሮ ሼር ከገዛ፣ ነገም የሚያስፈልገው ዶላር ከሆነ፣ ሒሳቡን በዶላር መሥራት አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በብር 15 በመቶ ያገኘ ሰው በዶላር ሲያየው ከባድ ኪሳራ ላይ ነበር። በብር ቤት ሠርቶ አገር ቤት ሊኖር ያሰበ ግን በዚህ መደንገጥ የለበትም። ገንዘቡን የት ልታወጡት እንዳሰባችሁ መጀመሪያ ወስኑ፤ መለኪያው ከዚያ ይመጣል።

4. የሼርን ዋጋ ከወሬ መውሰድ

«የሼሩ ዋጋ ራሱ ጨምሯል እኮ» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ የዋጋ ጭማሪ የትርፍ አንዱ ክፍል ነው። ችግሩ ዋጋውን ከየት አገኘነው? ለረጅም ዘመን ሼር የሚሸጠው በሰው በሰው፣ በደላላ፣ ካፌ ተቀምጦ ነበር። «በእጥፍ እየተሸጠ ነው» የሚለውን ሰምተን ደብተራችን ላይ እጥፍ አድርገን እንጽፋለን። ልንሸጥ ስንሄድ ግን ገዢ የለም።

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ (አክሲዮን በግልጽ የሚገዛበትና የሚሸጥበት ገበያ) ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ መጀመሩ በዚህ በኩል ትልቅ ነገር ነው። ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ሆኖ ተመዝግቧል። በግልጽ የሚታይ ዋጋ ማግኘት ለእንደ እኔ ዓይነት ሰው ደስታ ነው። ነገር ግን በገበያው ላይ ያልተመዘገበ ሼር የያዘ ሰው አሁንም የሚታይ ዋጋ የለውም። እኔ እንደዚህ ያለውን የምጽፈው በገዛሁበት ዋጋ ነው። ከዚያ በላይ የምጽፈው የእውነት የሚገዛኝ ሰው ዋጋ ሲሰጠኝ ብቻ ነው።

የኢትዮ ቴሌኮምም ነገር እዚህ ይገባል። በጥቅምት 2017 እያንዳንዱ በ300 ብር 100 ሚሊዮን አክሲዮን ለሽያጭ ቀርቦ እስከ የካቲት የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። አንዳንዱ ይህን አይቶ «እንኳን አልገዛሁ» አለ፤ የገዛው ደግሞ ተጨነቀ። ሌላው ሰው መግዛቱም ሆነ አለመግዛቱ ድርጅቱ ስንት እንደሚያተርፍ አይነግረንም። እኔ ያለኝን የምመዝነው በሚያከፋፍለው ትርፍ ነው።

5. ሦስት ባንክ ማለት ሦስት ቦታ ይመስለናል

«ገንዘቤን በትኛለሁ፤ የሦስት ባንክ ሼር አለኝ» የሚለው ንግግር ያሳስበኛል። ሦስቱም አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ሁሉ ከሚያበድሩት 27 በመቶውን ያህል የብሔራዊ ባንክ የዕዳ ሰነድ በዝቅተኛ ወለድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። በነሐሴ 2015 የዓመት የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ሲገደብ ሁሉንም ነካ። ዝቅተኛው ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ ብሎ እስከ ሰኔ 2018 እንዲሟላ ሲታዘዝ ሁሉም ሼር ለመሸጥ ተሯሯጠ። የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅ በታኅሣሥ 2017 ሲጸድቅም ተፎካካሪው የሚመጣው ለሁሉም ነው።

የውጭ ዜግነት ያላቸው ዘመዶቻችን ይህን ከማናችንም በላይ ያውቁታል። በ2009 የባንክ ሼራቸውን እንዲለቁ ተደረገ፣ በ2011 ሕጉ ተሻሽሎ ተፈቀደላቸው። የትኛውም ባንክ ውስጥ ቢሆኑ አይተርፉም ነበር።

«የአገሬ ልጆች ያቋቋሙት ነው» ብሎ መግዛትም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ፍቅሩ ይገባኛል፤ እኔም አንዱን የገዛሁት እንዲያ ነው። ግን ሒሳቡን ስትመረምሩ እንደ ማንኛውም ድርጅት መርምሩት።

6. የፈረሙትን ዕዳ መርሳት

ይህ እኔ ላይ የደረሰ ነው። በምሥረታ ላይ ከነበረ አንድ ባንክ የ100 ሺህ ብር ሼር ፈረምኩ። 25 ሺህ ከፈልኩ። ቀሪውን በሦስት ዓመት እጨርሳለሁ አልኩ። ደብተሬ ላይ «100 ሺህ ብር ሼር» ብዬ ጻፍኩ። ያልከፈልኩትን 75 ሺህ ግን የትም አልጻፍኩትም።

በሁለተኛው ዓመት እናቴ ታመመች። ያለኝ ቁጠባ ሆስፒታል ሄደ። የክፍያው ቀን ሲደርስ እጄ ላይ ምንም አልነበረም። ደህናውን ሼሬን፣ በየዓመቱ ትርፍ የሚከፍለኝን፣ ለቸኮለ ሻጭ በሚሰጥ ዋጋ ሸጥኩና ለአዲሱ ከፈልኩ። ያኔ ያጣሁት ብር እስካሁን ይቆጨኛል። እናቴ ዳነች፤ ለእሱ ፈጣሪ ይመስገን።

የተፈረመና የተከፈለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የተከፈለውን በሀብት በኩል ጻፉ። ያልተከፈለውን በዕዳ በኩል፣ ከነቀኑ። የስድስት ወር የቤት ወጪ ደግሞ ከሼር ውጭ፣ በማንኛውም ሰዓት ሊወጣ በሚችል ሒሳብ ውስጥ ይቀመጥ።

7. በጉባኤው ማግስት መወሰን

ከአዳራሽ የወጣ ሰው ሞቅ ብሎታል፤ ወይም ተናዷል። ሁለቱም ለውሳኔ አይሆኑም። እኔ ለራሴ ሁለት ሳምንት እሰጣለሁ። አንድ ነገር ግን አያስጠብቅም፦ ባንኩ ካፒታል ሲያሳድግ ነባር ባለአክሲዮን አዲሱን ሼር በቅድሚያ የመግዛት መብት አለው፣ መብቱም የጊዜ ገደብ አለው። ደብዳቤው የድሮ ስልካችሁና የድሮ አድራሻችሁ ላይ ከሄደ ሳትሰሙ ያልፋል። ዛሬውኑ ሼር ክፍል ሄዳችሁ አድራሻችሁን አስተካክሉ።

8. ቤተሰብ ሳያውቅ መያዝ

አንድ ጎረቤታችን ሲያርፉ ልጆቻቸው ሼር እንዳላቸው የሰሙት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ እሱም ከአንድ ወዳጃቸው። የምስክር ወረቀቱን ለማግኘትና ወራሽነት ለማሳወጅ ብዙ ተንከራተቱ።

የዘንድሮ ሒሳቤን ባለፈው ቅዳሜ ጨረስኩ። ከዋጋ ንረቱ በታች ነኝ። ስለዚህ ዘንድሮ አዲስ የባንክ ሼር አልገዛም። የሚደርሰኝ ትርፍ ድርሻ መጀመሪያ የስድስት ወሩን መጠባበቂያ ይሞላል፣ የተረፈው ቀሪዋን የተፈረመች ዕዳ ይዘጋል። ይህንን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ጻፍኩት። የሼር ቁጥሮቹን፣ የተገዙበትን ቀንና ዋጋ፣ የምስክር ወረቀቶቹ ያሉበትን መሳቢያ ጨመርኩበት። ለባለቤቴ ሰጠኋት። እሷም እስከ መጨረሻው አነበበችውና ሁለት ቦታ ላይ ጥያቄ ጻፈችበት። በሚቀጥለው ቅዳሜ አብረን እንቀመጣለን።