የዝግታ ግራፍ ሲያታልል፦ አንቲባዮቲክን በናኖ ቅንጣት በሚያሽግ ሥራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንቲባዮቲክን በናኖ ቅንጣት (በዓይን በማይታይ እጅግ ደቃቅ ቅንጣት) አሽጎ ለቀናት ቀስ በቀስ እንዲወጣ ማድረግ በመመረቂያ ጽሑፎች ዘንድ የተወደደ ርዕስ ነው። ብዙዎቹ የሚያበቁት በአንድ ግራፍ ነው፤ መስመሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ይለዝባል፣ «ለ7 ቀናት የዘለቀ ልቀት» ተብሎ ይደመደማል። ግራፉን ግን ቅንጣቱ ብቻውን አይሠራውም።

የመጀመሪያው ስህተት ከረጢቱን ከቅንጣቱ አለመለየት ነው። በተለመደው ዘዴ ቅንጣቶቹ በዲያሊሲስ ከረጢት (መድኃኒቱን አሳልፎ ቅንጣቱን በሚያስቀር ስስ ከረጢት) ታስረው በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ፈሳሽ ውስጥ ይቆያሉ። ከቅንጣቱ የወጣው መድኃኒት የከረጢቱን ግድግዳ ገና ማለፍ አለበት፤ ያም ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ያልታሸገውን መድኃኒት ብቻውን በተመሳሳይ ከረጢት አድርገው ጎን ለጎን ይለኩ። ሁለቱ መስመሮች ከተደራረቡ የለኩት ከረጢቱን ነው። የውጪው ፈሳሽም መድኃኒቱን በሙሉ ለማሟሟት ከሚበቃው ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን። ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክ በፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 7.4 አካባቢ በቀላሉ አይሟሟም፤ ፈሳሹ ከጠገበ ልቀቱ ይገታል፣ ግራፉ ላይ ግን የቅንጣቱ ትዕግሥት መስሎ ይታያል። ናሙና አወሳሰዱም የራሱ ጣጣ አለው። ከ10 ሚሊ ሊትር ላይ 1 ሚሊ ሊትር እየቀዳ በአዲስ ፈሳሽ የሚተካ ሰው በየቅጂው በፈሳሹ ካለው መድኃኒት አንድ አሥረኛውን ያወጣል። ይህን በድምሩ ውስጥ ካላሰበ መስመሩ ያለጊዜው ይጎብጣል።

ሁለተኛው በመቶኛ መደሰት ነው። 10 ሚሊ ግራም መድኃኒት ከ200 ሚሊ ግራም ፖሊመር (ቅንጣቱ ከሚሠራበት ቁስ) ጋር ቢሠራና 80 በመቶው ቢታሸግ ደስ ያሰኛል። ሂሳቡን ግን ይቀጥሉ፦ 8 ሚሊ ግራም መድኃኒት በ208 ሚሊ ግራም ዱቄት ውስጥ፣ ማለትም ወደ 3.8 በመቶ። በዚህ መጠን 500 ሚሊ ግራም መድኃኒት ለመስጠት 13 ግራም ዱቄት ያስፈልጋል። ይህን ማን ይውጠዋል? ለቁስል ወይም ለዓይን ቢሆን ሊያዋጣ ይችላል፤ እንግዲያውስ መጠቀሚያውን ከመነሻው ይወስኑ።

የወጣው ሁሉ በሕይወት አለ ብሎ ማመንም ያሳስታል። የልጆች አሞክሲሲሊን ሽሮፕ ከተበጠበጠ በኋላ በቀናት ውስጥ ማለቅ የሚገባው መድኃኒቱ በውሃ ውስጥ ስለሚፈርስ ነው። ያንኑ መድኃኒት ለሳምንታት በ37 ዲግሪ ያቆየ ሰው ምን እንደለካ መጠየቅ አለበት። ፒኤልጂኤ የተባለው ፖሊመር ደግሞ ሲፈርስ ላክቲክና ግላይኮሊክ አሲድ ይፈጥራል፤ የቅንጣቱ ውስጥ ይኮመጥጣል። የብርሃን መምጠጥን የሚለካ መሣሪያ ሙሉውን መድኃኒት ከፍርስራሹ ላይለይ ይችላል። በኤችፒኤልሲ (ቅልቅልን በየንጥረ ነገሩ ነጣጥሎ በሚለካ መሣሪያ) ይለዩ፤ ከዚያም የወጣውን ፈሳሽ ባክቴሪያ ላይ ይሞክሩት።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የግራፉ ጅራት ነው። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ለመግታት ከሚያስፈልገው ዝቅተኛ መጠን በታች ሆኖ ለሳምንታት መንጠባጠቡን እንደ ስኬት የሚቆጥሩ አሉ። እኔ እንደ አደጋ እቆጥረዋለሁ፤ ለተላመዱ ባክቴሪያዎች መመልመያ ነውና። ጄንታማይሲን የተቀላቀለበት የአጥንት ሲሚንቶ ይህን ቀድሞ አሳይቷል፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ይለቃል፣ ቀጥሎ ለረጅም ጊዜ ጥቂት በጥቂት ያፈሳል፤ በላዩም መድኃኒቱን የተላመዱ ስታፊሎኮከስ የተባሉ ባክቴሪያዎች ተገኝተዋል። በግራፉ ላይ የመግቻውን መጠን በአግድም ያስምሩ፤ ከዚህ መስመር ጋር ለማነጻጸር ግን እስከዚያ የወጣውን ጠቅላላ ድምር ሳይሆን በፈሳሹ ውስጥ በየሰዓቱ ያለውን መጠን ይጠቀሙ።

ዝግታ ራሱ ለሁሉም መድኃኒት አይመችም። እንደ አሞክሲሲሊን ያሉት የሚሠሩት ከመግቻው በላይ በሚቆዩበት ጊዜ ርዝመት ስለሆነ ዝግታው ይጠቅማቸዋል። እንደ አሚካሲን ያሉት ግን ኃይላቸው መጠናቸው በሚደርስበት ከፍታ ላይ ነው። በ2018 በአሜሪካ የተፈቀደው የአሚካሲን ሊፖሶም (መድኃኒቱን የያዘ ደቃቅ የስብ ከረጢት) ዝግታን ብቻ ይዞ አልመጣም፤ ወደ ሳንባ በመተንፈስ ስለሚሰጥ መድኃኒቱን በርከት አድርጎ ሕመሙ ካለበት ስፍራ ያደርሳል። ከመነሻው ፈጥኖ የሚወጣውን ድርሻም ሁልጊዜ እንደ ጉድለት አይዩት፤ ለኢንፌክሽን የመጀመሪያው ምት ጠንካራ ሊሆን ይገባል። ያልታሸገውን መድኃኒት አጥበው ካላስወገዱ ግን ያ ፈጣን ልቀት የቅንጣቱ መሆኑን ማወቅ አይችሉም።

ባዶውን ቅንጣት መፈተሽ አይርሱ፤ ለቅንጣት መሥሪያ የሚውሉት ካይቶሳንና ብር ያለ መድኃኒትም ባክቴሪያ ይገድላሉ። በአጋር ሳህን (ባክቴሪያ በሚበቅልበት የረጋ ምግብ) ላይ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ ቢያንስም ተስፋ አይቁረጡ፣ ቅንጣት በአጋር ውስጥ እንደ ልቡ አይጓዝምና። ለማምከን ደግሞ 121 ዲግሪ ውስጥ አይክተቱት፤ ፒኤልጂኤ ገና ወደ 50 ዲግሪ ሲጠጋ ይለሰልሳል። ቅንጣቶቹ ትንንሽ ከሆኑ 0.22 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ ይሻላል፤ ካጣሩ በኋላም መድኃኒቱን እንደገና ይለኩ፣ ከፊሉ ማጣሪያው ላይ ሊቀር ይችላል።