ሰኞ ቶኪዮ ውስጥ ሥዕል ማየት ለምትፈልጉ

የእረፍት ቀናችሁ ሰኞ ከሆነ ኡዔኖ ድረስ ሄዳችሁ አትድከሙ፤ የቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየምም ሆነ የምዕራባውያን ሥነ ጥበብ ሙዚየሙ ሰኞ ዝግ ናቸው። ሮፖንጊ ሂዱ። እዚያ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ማዕከሉና ሰንቶሪ ሙዚየም የሚዘጉት ማክሰኞ ነው፤ ሞሪ ሙዚየም ደግሞ ሰኞም በእኛ አቆጣጠር እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ይሠራል፣ ከሥራ በኋላም ይደረስበታል። ሦስቱም በእግር የሚያዳርሱ ናቸው።

የትኬቱን ቁራጭ ግን እንዳትጥሉት! ሦስቱ ተስማምተው ስለሚሠሩ፣ የአንዱን ቁራጭ ሌላው ትኬት መሸጫ ላይ ስታሳዩ ዋጋ ይቀነስላችኋል። እኔ ንድፍ ደብተሬ ሽፋን ውስጥ ሸጎጥ አደርገዋለሁ። ደብተር ከያዛችሁ እርሳስ ብቻ ይሁን፤ በእስክሪብቶ ማስታወሻ ስጽፍ አንዲት ጠባቂ ቀስ ብላ መጥታ አጭር እርሳስ በሁለት እጇ ሰጥታኛለች። ቀለም ሥዕሉ ላይ እንዳይነካ ነው፣ ትክክል ናቸው።

ማክሰኞ ይህ አይሠራም፤ ሞሪም በ11 ሰዓት ይዘጋል። ሞሪና ሰንቶሪ አንዱ ኤግዚቢሽን አልቆ ሌላው እስኪሰቀልም ስለሚዘጉ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ቀኑን እዩ። ሰኞው የሕዝብ በዓል ከሆነ ኡዔኖም ክፍት ነው፤ የሚዘጉት በማግስቱ ነው።