የአሜሪካና የእስያ ኤሌክትሪክ ጊታሮችን ባሕር ዳር ላይ እንዴት እንመዝናቸው?

ጊታር ሊገዛ ያሰበ ወጣት ወደ እኔ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው «የአሜሪካ ነው ወይስ የቻይና?» የሚል ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳና የፖሊ ግቢ ተማሪዎችም፣ ለጥር ሠርግ የሚዘጋጁ የባንድ ልጆችም ይህንኑ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በእሱ ብቻ የሚገዛ ሰው ግን ገንዘቡን ለአደጋ ያጋልጣል። ባሕር ዳር ውስጥ ጊታር አስተምራለሁ፣ የተበላሸም እጠግናለሁ። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ውድ ጊታር አንገቱ ተጠምዞ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የመጣው ርካሽ ጊታር ደግሞ አንገቱ እንደ ቀስት ገመድ ቀጥ ብሎ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አይቻቸዋለሁ።

አሜሪካውያን ገዢዎች «የአገር ውስጥ» እና «ከውጭ የመጣ» እያሉ ይከራከራሉ። ለእኛ ሁሉም ከውጭ የመጣ ስለሆነ ክርክሩን ያለ ወገንተኝነት ልንመለከተው እንችላለን። የአሜሪካው ጊታር አምራች ፌንደር ውድ ጊታሮቹን ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮሮና በምትባል ከተማ ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ደግሞ ሜክሲኮ ውስጥ ኤንሴናዳ ላይ ሌላ ፋብሪካ አለው። ስኳየር የሚባለው ርካሹ ስሙ በአብዛኛው ከኢንዶኔዥያና ከቻይና ይመጣል። ጊብሰን ናሽቪል ላይ ሲሠራ፣ የእሱ የሆነው ኤፒፎን አብዛኛውን ምርቱን ቻይና ውስጥ ቺንግዳኦ ላይ ያመርታል። ፒ አር ኤስም ሜሪላንድ ከሚገኘው ፋብሪካው ሌላ ኤስ ኢ የተባሉትን ጊታሮቹን ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያሠራል።

ዛሬ በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች እንጨቱን የሚቆርጠው በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን ነው፤ ስለዚህ የአካሉና የአንገቱ ቅርጽ ልክነት በጣም ተቀራርቧል። ልዩነቱ የሚመጣው ከማሽኑ በኋላ ነው። በአንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉትን ቀጫጭን ብረቶች፣ ፍሬቶቹን፣ ማን ሞረዳቸው? ጠርዛቸውን ማን አለሰለሰ? ክሮቹ በአንገቱ ጫፍ ላይ የሚያርፉበትን ነት ማን ቀረጸ? ውስጡ የገባው ሽቦና ብረት ምን ዓይነት ነው? ይህ የሰው እጅ ሥራ ነው፤ የካሊፎርኒያ ሠራተኛ የሰዓት ደመወዝ ደግሞ ከኢንዶኔዥያው እጅግ ይበልጣል። በጊታሩ ራስ ላይ የታተመው የአገር ስም በዋናነት የሚነግራችሁ ለዚህ የእጅ ሥራ ምን ያህል እንደተከፈለ ነው። የአገር ስም የጥራት ደረጃ አለመሆኑን ጃፓኖች ቀድመው አሳይተዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ፉጂጄን በተባለው ፋብሪካ የተሠሩትን የፌንደር ጊታሮች ሰብሳቢዎች ዛሬም ይፈልጓቸዋል።

እኔ ታዲያ ጊታርን የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ጉድለቱ እዚህ ባሕር ዳር ላይ ይስተካከላል ወይስ አይስተካከልም? የሚስተካከል ከሆነ ዋጋ መቀነሻ ይሆናችኋል። የማይስተካከል ከሆነ ጊታሩን መልሳችሁ ስቀሉት።

ከማይስተካከለው እንጀምር። ጊታሩን ከአካሉ በኩል ወደ ዓይናችሁ አስጠግታችሁ በአንገቱ ርዝመት ተመልከቱ። የግራና የቀኝ ጠርዞቹ እኩል መሄድ አለባቸው። አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ከዞረ አንገቱ ተጠምዟል፤ ማኅተሙ የትኛውንም አገር ቢጠራ አትግዙ። መጉበጥ ግን ሌላ ነገር ነው። በአንገቱ ውስጥ ትረስ ሮድ የሚባል ብረት ተቀብሯል፤ የክሮቹን ጉተታ ተቋቁሞ አንገቱን የሚያቀናው እሱ ነው። ወፍራሙን ክር በመጀመሪያው ፍሬትና አንገቱ ከአካሉ በሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጫኑት፤ ከዚያ ሰባተኛው ፍሬት ላይ ክሩ ከብረቱ ምን ያህል እንደራቀ እዩ። ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ቢሆን ደኅና ነው። መለኪያ ከሌላችሁ የፎቶኮፒ ወረቀት 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ስላለው ሁለት ወይም ሦስት ወረቀት ደራርባችሁ ሞክሩ። ክፍተቱ ከበዛ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ የትረስ ሮዱን ቁልፍ ወደ ቀኝ ሩብ ዙር አዙሩ። ቁልፉ ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ ወይም እስከ መጨረሻው ጠብቆ አንገቱ አሁንም ከጎበጠ፣ ሻጩ የቱንም ያህል ቢቀንስላችሁ ተዉት። ይህን ፈተና የማይፈቅድ ሻጭም አለ፤ እሱንም ተዉት።

ቀጥሎ ማስመሪያ ወይም ሜትር አውጡ። ከነቱ እስከ 12ኛው ፍሬት ያለው ርቀት የክሩ ጠቅላላ ርዝመት ግማሽ መሆን አለበት፤ በፌንደር ዓይነቶቹ 324 ሚሊሜትር፣ በጊብሰን ዓይነቶቹ 314 ገደማ። በታወቁ ስሞች ላይ ይህ ሲዛባ አላየሁም፤ ስም በሌላቸው በጣም ርካሽ ጊታሮች ላይ ግን አጋጥሞኛል፤ በተሳሳተ ቦታ የተተከለ ፍሬት ያለው ጊታር መቼም ቅኝቱ አይገጥምም። ቀጭኑና ወፍራሙ ክር ከአንገቱ ጠርዝ እኩል መራቃቸውንም እዩ። አንገቱ በአራት ብሎን የታሰረ ከሆነ ብሎኖቹን በካቻቪቴ ትንሽ አላልቶ፣ አንገቱን ወደ መሐል ስቦ ማጥበቅ ይቻላል። በኮላ የተጣበቀ ከሆነ ግን አይታረምም።

አሁን ወደ ፍሬቶቹ እንምጣ፤ የዋጋው ልዩነት በብዛት የተደበቀው እዚህ ነው። ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ ወስዳችሁ በመቀስ በተለያየ ርዝመት ቁረጡት፤ ቁራጩ በጎኑ ሲቆም በአንድ ጊዜ ሦስት ፍሬት ብቻ መንካት አለበት። ከነቱ አጠገብ ረዘም ያለው፣ ወደ አካሉ ስትቀርቡ አጠር ያለው ያገለግላል። ካርዱ ከተወዛወዘ የመካከለኛው ፍሬት ከፍ ብሏል ማለት ነው። ይህ ለእኛ ሙዚቃ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ትዝታ ወይም ባቲ ስንጫወት የማሲንቆን መንሸራተት ለማግኘት ክሩን በጣት ወደ ላይ እንገፋለን፤ ከፍ ያለ ፍሬት ካለ ድምፁ መንገድ ላይ ታንቆ ይሞታል። ስለዚህ ከ12ኛው እስከ 17ኛው ፍሬት ባለው ክፍል በቀጭኖቹ ክሮች ላይ እያንዳንዱን ድምፅ አንድ ሙሉ ቶን (የሁለት ፍሬት ያህል) ከፍ እስኪል እየገፋችሁ እስኪጠፋ አዳምጡ። ያለ አምፕሊፋየር አድርጉት፤ አምፕሊፋየር ብዙ ኃጢአት ይሸፍናል። አንድና ሁለት ከፍ ያለ ፍሬት በሞረድና በለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። በብዙ ቦታ የሚታፈን ከሆነ ሙሉ የፍሬት ሥራ ይጠይቃል፤ ያንን ከዋጋው ቀንሱ።

ከዚያ መዳፋችሁን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች አንሸራቱ። የፍሬቶቹ ጫፎች እጅ የሚቧጭሩ ከሆነ ብዙ ሰው «የቻይና ሥራ» ይላል። የፋብሪካው ችኮላ ሊሆን ይችላል፤ አየሩም ሊሆን ይችላል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ክረምቱ እርጥብ፣ በጋው ደረቅ ነው። በደረቁ ወራት የአንገቱ እንጨት ይኮማተራል፣ ብረቱ ግን አይኮማተርም፤ ጫፉ ወደ ውጭ ይወጣል። ከኮሮና የመጣ ጊታርም እዚህ ከርሞ ይህን ያሳያል። ሐይቁ ቅርብ ስለሆነ እንጨቱ አይደርቅም የሚለውን አትመኑ።

ፍሬቶቹ ስለተተከሉበት የጣት ሰሌዳ እንጨት አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2017 ለጣት ሰሌዳ በሚውለው የሮዝውድ እንጨት ንግድ ላይ ዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሲጠብቅ ፌንደር በሜክሲኮ ጊታሮቹ ላይ ፓው ፌሮ የተባለ እንጨት መጠቀም ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ለተሠሩ የሙዚቃ መሣሪያዎች ቁጥጥሩ ላልቷል። ስለዚህ ፈካ ያለ ቡናማ ሰሌዳ አይታችሁ ርካሽ ነው ብላችሁ አትጣሉት፤ ጠንካራ እንጨት ነው።

ነት በርካሽ ጊታሮች ላይ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ባዶ የሆነ ፕላስቲክ ነው፤ በአሜሪካ ሠራሽ ፌንደሮች ላይ ብዙውን ጊዜ አጥንት ነው። ክሩን በሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጫኑና በመጀመሪያው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት እዩ፤ ለዓይን በጭንቅ የሚታይ መሆን አለበት። ክፍተቱ ከሰፋ የመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ ጣት ይደክማል፣ ድምፁም ከቅኝቱ ከፍ ይላል። ይህን ጉድለት ስታዩ ደስ ይበላችሁ፤ ዋጋ ያስቀንሳል፣ መፍትሔው ግን ከሥጋ ቤት ይገኛል። የበሬ ቅልጥም አጥንት ቀቅላችሁ፣ ቅባቱን አስለቅቃችሁ፣ በፀሐይ አድርቃችሁ በሞረድ ቅረጹት። ጥሩ እጅ ካለ ከውድ ጊታር ነት የሚያንስ አይሆንም።

ኤሌክትሪኩ ላይ አልቆይም፤ ሁሉም ይለወጣል። ጊታሩን ከአምፕሊፋየር ጋር አገናኝታችሁ ቁልፎቹን ሁሉ አሽከርክሩ፣ የፒክአፕ (የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) መምረጫውንም እያንዳንዱ ቦታ ላይ አድርጉት። መንጫጫት ካለ መጀመሪያ ማጽዳት ይበቃ ይሆናል። ክሮቹን በእጃችሁ ስትነኩ እምምታው ከቀነሰ የብሪጁ (ክሮቹ በአካሉ ላይ የሚያርፉበት ክፍል) የመሬት ሽቦ በትክክል ተያይዟል። ስትነኩት ንዝረት ከተሰማችሁ ግን ወዲያውኑ ልቀቁት፤ ጥፋቱ ምናልባት የአምፕሊፋየሩ ወይም የሶኬቱ ነው፤ መሬት በሌለው ሶኬት ላይ መጫወት ሕይወት ያስከፍላል። ከአሜሪካ አምፕሊፋየር አብሮ የሚላክላችሁ ከሆነ ጀርባውን አንብቡ፤ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር የእኛ 220 ቮልት ላይ እንዳትሰኩት።

የአካሉ እንጨት ላይ ብዙ ይወራል። በጣም ርካሾቹ ከኮምፔንሳቶ ይሠራሉ፤ የፒክአፑን ሽፋን ብትከፍቱ ንብርብሩ በጎኑ ይታያል። ከዚያ ውጭ ለጀማሪ በእንጨቱ ስም አልጨነቅም።

ማኅተሙ ራሱ ሐሰት ሊሆን እንደሚችልም እወቁ። «አሜሪካ ሠራሽ» የተባለ ጊብሰን ቢቀርብላችሁ በጊታሩ ራስ ላይ ያለችውን የደወል ቅርጽ ሽፋን ፍቱ። እውነተኛው በሁለት ብሎን የታሰረ ነው፣ ከሥሩም ከላይ ተይዞ የሚዞር ባለስድስት ማዕዘን ፍሬ ዳዶ ታያላችሁ። ሦስት ብሎን ወይም ከውስጥ የሚገባ ቁልፍ ቀዳዳ ካያችሁ የጊብሰንን ዋጋ አትክፈሉ። በፌንደር ላይ ደግሞ በኤም ኤክስ ፊደላት የሚጀምር ቁጥር የሜክሲኮ ምልክት ነው፤ እንዲህ ያለውን «የካሊፎርኒያ ነው» የሚል ሻጭ ዋጋውን ማውረድ አለበት።

ምን ልግዛ ለምትሉኝ ምርጫዬ ይህ ነው። ገንዘባችሁ ጠባብ ከሆነ ከኢንዶኔዥያ የመጣ፣ ስሙ የታወቀና አንገቱ ቀጥ ያለ ጊታር ግዙ፤ የቀረውን ለነት፣ ለፍሬት ሥራና ለጥሩ ክር አውሉት። በምሽት ቤት ወይም በሆቴል በየቀኑ የምትሠሩ ከሆነ የሜክሲኮው ለብዙ ዓመት ይበቃችኋል። የአሜሪካው በእርግጥ የተጣራ ሥራ ነው፤ ጠርዙ ሲነካ ደስ ያሰኛል፣ ቅኝቱንም ይይዛል፤ ይሁን እንጂ ለመጀመሪያ ጊታር ቤተሰብን አስጨንቆ መግዛትን አልደግፍም።

ከገዛችሁ በኋላ ወደ ሞረድ አትቸኩሉ። ጊታሩ ከመስኮትና ከፀሐይ ራቅ ብሎ በሣጥኑ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል ይቀመጥና አየሩን ይልመድ፤ ትረስ ሮዱን ከዚያ በኋላ አስተካክሉ። የፍሬት ጫፎችን መሞረድ ያለባችሁ በየካቲት ወይም በመጋቢት ነው። በክረምት እንጨቱ አብጦ ጫፎቹን ስለሚሸፍን ያኔ ያለሰለሳችሁት ጊታር በጋ ሲገባ እንደገና ይቧጭራል፤ በደረቁ ወር የተሞረደ ግን ዓመቱን ሙሉ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል።